ውሃ የማይፈስበት ጥግ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ጾም፣ እዚሁ ሰቆጣ፣ በገዛ ማድ ቤታችን ውስጥ ነው። ሌሊት አልነበረም። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ እየተንጣጣ፣ የእኩለ ቀን ብርሃን በመስኮት እየገባ ነው የሆነው። ሰው ስለ ፍርሃት ሲያወራ ጨለማን ስለሚያነሳ፣ እኔ ቀትር ያስፈራኛል ስል የሚስቁብኝ አሉ። ይሳቁ። እኔም ስስቅ ነበር።

የምኖረው ከአባቴ ጋር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ዜማ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን የተሳሳተች አንዲት ቅንጣት ዜማ አታልፈውም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች። እኔ ደግሞ ወጣትነቴን ቤይሩት በሰው ቤት ጨርሼ የተመለስኩ ነኝ። ይዤ የመጣሁት ጥቂት ጥሪት፣ ለጭቅጭቅ የሚበቃ ዐረብኛ እና የተበላሹ እጆች ናቸው። የሳሙና ውሃ ከነካኝ ጣቶቼ ይሰነጠቃሉ፣ ይደማሉ። ሐኪሙ አይቶ «ከሳሙና ራቂ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። ሳህኑን ማን ሊያጥበው?

እንዲህ እያልኩ ሳማርር አንድ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ዕቃውን ይሸጥ ጀመር። ከወንበሩና ከጠረጴዛው መሃል አንድ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ቆሞ አየሁ። ቤይሩት «ጀላያ» ነው የምንለው። ሰዉ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት ነበር፤ አንዱ ፍሪጅ ነው ይላል፣ ሌላው የዳቦ ምድጃ። እኔ ግን ልክ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት የእመቤቴን ሳህን የደረደርኩበት ዕቃ ነው፤ አሁን ደግሞ የራሴን ልደረድርበት ነው። ገዛሁትና በጋሪ አስጭኜ ወደ ቤት።

ጎረቤታችን እማማ ትብለጽ አጥር ላይ ቆመው ጠበቁን። የሳቸው ጓሮና የእኛ ማድ ቤት መስኮት ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚለያቸው አንድ አጥር ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ደግሞ ይሄ?»

«ጀላያ ነው እማማ፤ ሳህን ያጥባል።»

«ጅሊት? ሰው ቤቱ ውስጥ ጅል ገዝቶ ያስገባል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽኑ ስም ጅሊት ሆነ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ «ጅሊት እንዴት አደረች?» ይሉኛል።

አሁን ስለ ጥጉ ልናገር። ማሽኑ ውሃ ስለሚፈልግ፣ ከሮቶው የሚመጣው ቧንቧ የሚደርስበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የማድ ቤቱ የግራ ጥግ። በዚያ ጥግ ደግሞ ውሃ አይፈስም። ይህ የእናቴ ሕግ ነበር። ልጅ ሆኜ እዚያ ጋ እግሬን ልታጠብ ብሞክር ቁንጥጫዋ አይቀርልኝም። «ለምን?» ስላት መልሷ ሁሌም አንድ ነው። «ከታች ያሉት ይቆጣሉ።»

እናቴ በእጣቢ ነገር ጥንቁቅ ነበረች። እንደምታውቁት በእኛ አገር የሳህን እጣቢ ዝም ተብሎ አይደፋም። በተለይ ቀትር ላይ ሴት ሳፋዋን ይዛ ከደጅ ትቆምና «በስመ አብ፣ ዞር በሉ!» ብላ ነው የምትደፋው። የማይታዩት ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ቢሆን እንዳይረጥቡ፣ ረጥበውም እንዳይቀየሙ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ሌላዋ ሴት ይህን ብላ ወዲያው ትደፋለች። እናቴ ግን ካለች በኋላ ትንሽ ትጠብቅ ነበር፤ ሽማግሌ እስኪነሳላት የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው።

አባባ ማሽኑ በዚያ ጥግ ሊቆም መሆኑን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ማድ ቤቱ በር ላይ መጡ።

«እናትሽ በሕይወት ሳለች ጠብታ ያላስነካችውን ጥግ አንቺ ወንዝ ልታደርጊው ነው?»

«አባባ፣ ውሃው በጎማ ገብቶ በጎማ ነው የሚወጣው። መሬቱን አይነካውም።»

«ወጥቶ ሲደፋስ ማን ነው ዞር በሉ የሚላቸው? እሱ አፍ አለው?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

የመጀመሪያው ቀን መሳቂያ የሆንኩት እኔው ነኝ። ጀላያ የራሱ ሳሙና አለው፤ አረፋ የማያወጣ። ሰቆጣ ገበያ ያንን ከየት ላምጣው? በእጅ የምናጥብበትን ፈሳሽ ሳሙና ጨመርኩና በሩን ዘግቼ አስነሣሁት። ትንሽ ቆይቶ ነጭ አረፋ በበሩ ዙሪያ ይወጣ ጀመር። ወለሉን ሞላ፣ ደፉን ዘለለ፣ ወደ አባባ መኝታ ክፍል ጉዞ ቀጠለ። እማማ ትብለጽ በመስኮት አይተው «ጅሊት አረፋ ደፈቀች፣ ጠበል ውሰዷት!» እያሉ ሳቁብኝ። ከዚያ በኋላ በትንሽ ሶዳ አደረግኩት፤ አረፋው ቀረ።

ማፍሰሱ ግን አልቀረም። አሁን የሚወጣው ንጹህ ውሃ ነው፤ በበሩ ሥር ቀስ ብሎ፣ በግራ በኩል ብቻ። ወደ ጥጉ ይሄዳል።

አባባ ይህን ሲያዩ ቁርጡን ነገሩኝ። ከፋሲካ በኋላ የእናቴ ሙት ዓመት አለ፤ ካህናቱም ጎረቤቱም ይመጣል። «ትጠብቀው የነበረውን ጥግ አርጥበን መታሰቢያዋን አንበላም» አሉ። «እስከ ሆሳዕና ካልጠገንሽው ከቤቴ ይውጣ። ካልሆነ እኔ እወጣለሁ።» አባቴ ቀልድ አያውቁም። የዚያ ሁሉ ድግስ ሳህን በእነዚህ ጣቶች ሲታጠብ ታየኝ። ማልቀስ ቃጣኝ። ተናደድኩም፤ ከሰው ሳህን ተገላገልኩ ስል ለማይታይ ፍጥረት ልለማመጥ ነው ብዬ።

ስለዚህ ልጠግነው ተነሣሁ። ቤይሩት የእመቤቴ ማሽን ሲበላሽ ባትሪ የማበራለት እኔ ስለነበርኩ ጠጋኙ ምን ምን እንደሚያይ አውቃለሁ። መጀመሪያ የበሩን ጎማ በሆምጣጤ ወለወልኩት፤ ደህና ነው፣ አልተቀደደም። ማጥለያውን አውጥቼ አጠብኩ፤ ንጹህ ነው። የውሃ ማስገቢያውን ጎማ አጠበቅኩ፤ ደረቅ ነው። ከዚያ ከሥሩ ሶፍት አነጠፍኩና የቱ ጋ ቀድሞ እንደሚረጥብ ጠበቅኩ። ሁልጊዜ የሚረጥበው ወደ ጥጉ ያለው ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ አናቱ ላይ አስቀመጥኩ። ውሃው ተንጋዷል። ጅሊት አጋድላ ነው የቆመችው! ያጋደለ ማሽን ደግሞ ውስጡ ያለው ውሃ በበሩ አንድ ጎን ይከማችና ይገነፍላል፤ ጠጋኙ ያኔ ብሎ ነበር። ከግራ እግሯ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ከትቼ አስተካከልኳት። አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። በአጥሩ ላይ ለእማማ ትብለጽ ፎከርኩባቸው፣ ለአባባም በኩራት አሳየኋቸው።

ደስታዬ ብዙ ቀን አልቆየም። እንደገና አፈሰሰች። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ፤ እንደገና አጋድላለች። ሌላ ድንጋይ ጨመርኩ። ደረቀች። ሰነበተችና አጋደለች። የማሽን እግር እያጠረ ይሄዳል እንዴ? መሬቱ ሊሾ ነው፤ ሊሾ ደግሞ ከላይ ሲያዩት ሰላማዊ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ መልኩን የቀየረው። መወልወያ አምጥቼ ስመለስ የፈሰሰው ውሃ የለም። በጨርቅ ሳልነካው፣ ፀሐይ ሳያገኘው፣ ጠፍቷል። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የመወልወል ሥራ ቀረልኝ አልኩ። ኋላ ግን ቆሜ ማየት ጀመርኩ። ውሃው ቀጭን መስመር ሠርቶ ከማሽኑ ሥር ይገባል፤ ተመልሶ አይወጣም። ከግድግዳው ውጭ ዞሬ አየሁ፤ ደረቅ አፈር ነው።

ድምፁን የሰማሁት ደግሞ አንድ ቀትር ላይ ነው። በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚሆን አባባ በዚያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ተማሪዎቻቸውም አብረዋቸው ይሄዳሉ። ሰፈሩ ጸጥ ይላል፤ ውሻ እንኳ ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። ማሽኑ ከሶኬት ተነቅሏል፣ ቧንቧው ተዘግቷል። እና ከሥሩ፣ ከሩቅ፣ «ጥም… ጥም…» ይላል። ውሃ ውሃ ላይ ሲንጠባጠብ። ከጥልቅ ቦታ።

በማግስቱ ቀትርም ሰማሁት። በሌላውም ቀን። ጠዋትና ማታ ቤቱ ጫጫታ ስላለበት ነው የማይሰማው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ድምፁ በየቀኑ እየቀጠነ መጣ። ወፍራም የነበረው «ጥም» ወደ «ጥብ» ተለወጠ፣ «ጥብ» ደግሞ ወደ «ጢብ»። ይህን ድምፅ ውሃ ቀድታ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ዕቃ ሲሞላ ነው እንዲያ የሚለው።

አልቻልኩም፤ ለአባባ ነገርኳቸው። አንድ ቀን ከመሄዳቸው በፊት መጥተው ጆሯቸውን ማሽኑ ጎን ላይ ለጠፉ። የዜማ ጆሮ ነው፣ የሚሳሳት አይደለም።

«ምንድን ነው አባባ?»

«ሰው ውሃ እየቀዳ ነው» አሉና አማተቡ። ቀና ብለው ደግሞ ክንዴን ያዙ። «ልጄ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ተይው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔም አልለቀቅኩም። ሆሳዕና ከነገ ወዲያ ነው፤ ዛሬ ካላወቅኩት ማሽኑ መውጣቱ ነው። አባባ ወደ ቅዳሴ እንደሄዱ ጅሊትን ከሶኬት ነቀልኩ፣ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ከጥጉ ወደ ፊት አወጣኋት። ቀላል አልነበረችም። ከኋላዋ በተገኘው ክፍተት ገብቼ በሆዴ ተኛሁና በስልኬ መብራት ወለሉን አየሁ።

ሊሾው ከግድግዳው ሥር ተሰንጥቋል። ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ። ዙሪያው እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ውሃው የት እንደሚሄድ ገባኝ፣ ማሽኑ ለምን እንደሚያጋድልም ገባኝ። ወለሉ እየሰጠመ ነው። አፈሩ ባዶ ሆኖ ነው ብዬ ለማረጋገጥ ጆሮዬን ስንጥቁ ላይ አደረግኩ።

ቀዝቃዛ አየር ጉንጬን ነካው። በዚያ ሙቀት፣ ቀዝቃዛ። ተዘግቶ የኖረ ጎታ ሲከፈት የሚሸተውን ይሸታል። ጠብታው ቀጥሎ ነበር፤ «ጢብ… ጢብ…»። ከዚያ ቆመ።

የማዳምጠው ድምፅ ሲቆም እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ምንም የለም። የቆርቆሮው መንጣጣት እንኳ የጠፋ መሰለኝ።

«ዞር በይ።»

የሴት ድምፅ ነው። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ሙሉ ሳፋ ተሸክማ መንገድ ላይ የተቀመጠን ሰው እንደምትለው ሴት፣ በትዕግሥት፣ ግን ክብደቱ እያስቸኮላት። ከየት እንደመጣ ልናገር አልችልም። ቅርብ ነበር።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አልጮህኩም፣ ማነው ብዬም አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት ያደገ ሰው ዞር በይ ሲባል ይዞራል። «እሺ» ብዬ ተንከባልዬ ተነሣሁና ወደ በሩ ሁለት ሦስት እርምጃ ዘወር አልኩ። «እሺ» ማለቴ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወለሉ ወረደ። መጀመሪያ ጥጉ፣ ቀጥሎ እኔ የተኛሁበት፣ ቀጥሎ የጅሊት የኋላ እግሮች። ማሽኑ ወደ ኋላው ወድቆ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተሰነቀረ፣ በጎማው ተንጠልጥሎ። የተሰበረ ሊሾና ድንጋይ ከሥር ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። አቧራው ሲረግብ ጭንቅላቴ የነበረበትን ቦታ ፈለግኩ። ቦታ አልነበረም። ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። ያኔ ነው የጮህኩት።

ቀድመው የደረሱት እማማ ትብለጽ ናቸው። እጃቸው እርጥብ ነው፣ ባዶ ሳፋ በብብታቸው ይዘዋል። ጉድጓዱን አይተው ሳፋውን ጣሉት። ጎረቤቱ ተሰበሰበ፣ ለአባባም ሰው ተላከ። ጎረምሶች ማሽኑን በገመድ ጎትተው አወጡና መብራት ወደ ታች አወረዱ።

ከማድ ቤታችን ሥር አንድ ክፍል አለ። ሰው የሚቆምበት ቁመት አለው። በአፈር የተሠራ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የኩራዝ ጥቀርሻ። ጣሪያው የነበረው ግንድ ተበልቶ እንደ ዳቦ ፈርሷል። ከስንጥቁ ትክክል ሥር፣ ግድግዳውን ተጠግታ፣ አንዲት እንስራ ቆማለች። ያ ሁሉ ድንጋይ በዙሪያዋ ወድቆ አልነካትም። እስከ አፏ ሞልታለች። ጠብታው የቆመው፣ ማለቴ ድምፁ የቆመው፣ ሞልታ ነው።

እማማ ትብለጽ ጉልበታቸውን ይዘው መሬት ተቀመጡ።

«ይሄማ የአውሮፕላኑ ጊዜ ጉድጓድ ነው! ተደፍኗል ብለውን የለም እንዴ?»

ያወጉን ይህን ነው። እሳቸውና እናቴ ልጆች ሳሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ አውሮፕላን ቦምብ ሊጥል ሲመጣ ሁለቱም ቤተሰብ የሚገባው እዚህ ነበር፤ ቤቱ የእናቴ ወላጆች ቤት ነው። ለእናቴ የተሰጣት ሥራ እንስራዋን መሙላት ነበር፤ ከታች ያሉት እንዳይጠማቸው። ኋላ ሰላም ሲሆን ግንድ አጋድመው ጭቃ መረጉበት፣ ከዓመታት በኋላ ሊሾ ተደረገበት። መደበቂያ ለልጅ አይነገርም፤ ልጅ አፉ ክፍት ነው፤ ክፉ ቀን ተመልሶ ቢመጣስ? ስለዚህ እናቴ ለእኛ ሌላ ነገረችን። ከታች ያሉት ይቆጣሉ አለችን። ውሃ ካልፈሰሰበት ግንዱ ይቆያል፤ ልጁም አይጠጋውም።

አባባ ደርሰው ይህን ሲሰሙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ። እሳቸው ከጋዝጊብላ መጥተው በዚህ ቤት የተሞሸሩት ከዚያ በኋላ ነው። «ለእኔም አልነገረችኝ» አሉ ቀስ ብለው። ያን ያህል ዓመት አብሯት የኖረ ባል ፊት ላይ ያየሁት ነገር አሳዘነኝ።

እኔ ግን ሌላ ስሜት ነበረኝ፤ እፎይታ። ሁሉም ነገር መልስ አገኘ። ማሽኑ ያፈሰሰው ስላጋደለ ነው፣ ያጋደለው ወለሉ ስለሰጠመ ነው፣ ወለሉ የሰጠመው ማሽኑ ስላፈሰሰበት ነው። የጠፋው ውሃ እንስራ ውስጥ ነው። የቀረችኝ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፤ እሷም የተፈታች መሰለኝ። የእማማ ትብለጽ እጅ እርጥብ ነበር፤ ሳፋቸው ባዶ ነበር። መስኮቱ ፊት ለፊት ነው። ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ ሊወድቅ ሲል እጣቢ ደፍተው ነበር?»

«አዎ፣ ያን ደቂቃ ነው የደፋሁት። ገና ሳፋውን ሳላደርቅ ነው ጩኸትሽን የሰማሁት።»

ሳቄ መጣ። አቀፍኳቸው። «ያተረፉኝ እርስዎ ነዎት! ዞር በይ ሲሉ ሰምቼ እኮ ነው የተነሣሁት።»

ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«ምን በይ?»

«ዞር በይ።»

«ምነው ልጄ! ሰው እጣቢ ሲደፋ ‹በይ› ይላል? እነሱ ብዙ ናቸው፤ ‹በሉ› ነው እንጂ። ለአንዲት ሴት ‹በይ› እምል የማንን ዓይን አይቼ ነው?» ትንሽ አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞም እኔ በአማርኛ ብዬ አላውቅም። እናቴ እንዳስተማረችኝ በኽምጣኛ ነው የምለው። የዚህ አገር ናቸው፤ አማርኛ የት ያውቁና?»

በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አነጋገራቸው እስከ ማታ እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። እውነታቸውን ነው። ያን ያህል ዘመን በአጥሩ ላይ ሰምቻቸዋለሁ፤ አንድ ቀን በአማርኛ ብለው አያውቁም። ሌላ ሴት ደግሞ በግቢው አልነበረችም።

የእናቴ ድምፅ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ ሰው እንዲያ እንድልለት ይፈልጋል፤ ስነግራቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይጠብቀኛል። አልነበረም። የእናቴን ድምፅ አውቀዋለሁ። ይህችን ሴት አላውቃትም።

ማታ ራት ላይ ለአባባ ነገርኳቸው። ሊጎርሱ ያነሡትን እንጀራ ወደ ሳህኑ መለሱ።

«ጋኔን ሰው አያድንም» አሉ።

«ታዲያ ማን ናት አባባ?»

«ዞርሽ?»

«ዞርኩ።»

«እንግዲያው ጠግበሽ ብዪ። እምቢ ብትዪ ኖሮ ነው ይህ ጥያቄ የሚያስፈልገው።»

ጉድጓዱን በድንጋይና በአፈር አስሞላነው። ከመሞላቱ በፊት አባባ አፉ ላይ ቆመው ጸሎት አደረሱ፤ እንስራዋም እንድትወጣ አዘዙ። አንድ ወጣት ወርዶ በገመድ ላካት። ውሃዋ ንጹህ ነው፤ ይህ ሁሉ ከእኔ ሳህን የተረፈ እጣቢ ነው ብሎ የሚያምን የለም። ደጅ ላለችው ወይራ ሥር ልደፋው ተሸክሜ ወጣሁ። ቀትር ነበር። ሳላስበው ቆምኩ። «በስመ አብ፣ ዞር በሉ» አልኩ። ከዚያ እንደ እናቴ ትንሽ ጠበቅኩና ደፋሁ። እጄ ረጠበ፤ ምንም አልሆነም።

ጅሊት ጎኗ ተጎድጉዷል እንጂ ደህና ናት። አባባ ትውጣ አላሉም። «እሷማ ሳትነግረን የነገረችን ናት» ብለው በራሳቸው ክፍል ግድግዳ በኩል፣ ጽኑ ድንጋይ ላይ አስቆሟት፤ ቧንቧውንም አስቀጠሉላት። በብርጭቆ ውሃ ለክቼ አስተካከልኳት። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም። የእናቴ ሙት ዓመት ድግስ ሳህን በሙሉ በእሷ ታጠበ፤ ጣቶቼም ሳይደሙ ዋሉ። እንስራዋ ከአባባ አልጋ ራስጌ ናት፤ ባዶዋን።

አሁን ጅሊት አጥባ ስትጨርስ እጣቢዋን በጎማ ወደ ውጭ ልትደፋ ስትል አንዴ ታጉረመርማለች። ያንን ሳልሰማ ከማድ ቤት አልወጣም። አባባ ከክፍላቸው ሆነው «ነገርሻቸው?» ይሉኛል። «ዞር በሉ» እላለሁ ጮክ ብዬ፤ አፍ የላትምና ለእሷ እኔ ነኝ የምናገረው። የሚሰማ መኖሩን አላውቅም። ግን አንድ ቀን እኔ ከታች ወድቄ ልቀር ስል አንዲት ሴት ሳፋዋን ይዛ ጠብቃኛለች፤ ዕዳዬን በዚህ ነው የምከፍለው።

ከዚያ እኔም ዞር እላለሁ።